የአማት ንፍፊት

ሮቤ ገበያ ውስጥ ከኡሙሰልማ ምላስ ያመለጠች ሙሽራ የለችም። ድሪያና ሻሽ ልትገዛ የገባች ልጃገረድ ሁሉ ዳሌዋ በክንድ ተለክቶ፣ ወገቧ ተገምቶ፣ «ይኼን ይዘሽ ነው እንዴ የሰው ልጅ ልታሳብጂ የምትሄጂው? ምስኪን፣ ምን በደለሽ!» ተብላ ተተርባ ነው የምትወጣው። ሱቁ በሳቅ ይሞላል፤ የተተረበችውም አብራ ትስቃለች፤ ስቃም አትቀር፣ ትገዛለች። ኡሙሰልማ ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን አሳድጋ፣ አስተምራ የዳረችው በዚሁ ሱቅና በዚሁ አፍ ነው። ሴት ከሴት ጋር ተቀምጣ የምታፍረው ምን ነገር አለ ባይ ናት።

እንግዲህ ይህች አፈኛ ሴት ናት አንዲት ቃል አልወጣ ብላት ራሷንም ሰውንም ጉድ ያደረገችው።

ከልጅነቷ ጀምሮ አንገቷ ላይ ንፍፊት አለባት። ብርድ ሲመታት ያብጣል፣ ጥርሷን ሲያማት ያብጣል፣ ክረምቱ ሲከር ያብጣል፤ ከዚያ ማንም ሳይነካው ይሟሽሻል። «ዛሬ ዝናብ አይቀርም፣ ንፍፊቴ ተነስቷል» እያለች ትቀልድበታለች። ጎረቤቱም ለምዶታል፤ ከሻሿ ሥር ብቅ ቢል ዞር ብሎ የሚያየው የለም።

ሰው ሁሉ የሚያውቅላት ሁለተኛው ነገር አማቿን ማፈሯ ነው። መቼም በባሌ የአማትና የአማች መከባበር ለብቻው ነው። ስም አይጠራሩም፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው አይበሉም፣ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ኦሮምኛው ለጉ ይለዋል። ያሁን ልጆች ብዙውን ትተውታል። ኡሙሰልማ ግን አንዷንም አልተወችም። ልጇን ሳቢሪንን ያገባው ዓብዱልፈታሕ የሚባል ሐኪም ነው፤ እዚያው ሮቤ በአንድ የግል ክሊኒክ ይሠራል። ሳቢሪን ካገባችው ጀምሮ ስሙ ከኡሙሰልማ አፍ ወጥቶ አያውቅም። መጀመሪያ «እሳቸው» ነበር፤ የልጅ ልጇ ፈይሩዝ ከተወለደች በኋላ «የፈይሩዝ አባት» ሆነ። እሱ ሱቁ በር ላይ ብቅ ሲል ሻሿን እስከ ግንባሯ ትስባለች፤ ያ ሁሉ አፍ ይታሰራል። ሴቶቹ «ኧረ አማችሽ ሁሌ እዚህ በተቀመጠልን!» ይሏታል።

ያን ክረምት፣ አንድ ዓርብ ጠዋት ገላዋን ስትታጠብ፣ ግራ ብሽሽቷ ላይ እጇ አንድ ነገር አገኘ። ባቄላ ያክላል። ጠንከር ያለ ነው፣ ሲነኩት አያምም፣ ቆዳው ሥር እየሸሸ ይንሸራተታል። «ያ ረቢ! ደግሞ አንተ ከየት መጣህ?» አለችው። የአንገቷም ንፍፊት ያን ሰሞን በርትቶ ስለነበር የዚያ ዘመድ መሰላት። ብርዱ ነው ብላ ልብሷን ለብሳ ወጣች።

የብሽሽቷን ማንም አላየም፤ የአንገቷን ግን ሳቢሪን አየችው።

«እማ፣ ይኼ ነገር ዘንድሮ በዛ። አሁኑኑ ክሊኒክ ትሄጃለሽ።»

«ለንፍፊት? ሰው ምን ይለኛል?»

«ሰውን ተይው። ዓብዱልፈታሕ ራሱ ይይሽ።»

«እሳቸው? አስተግፊሩላህ! የሰው ዶክተር ጠፋ?»

«አንገትሽን ነው እኮ የሚያየው፣ እማ!»

«አንገቴስ ቢሆን!»

ግን ወዴት ትሂድ? ሌላ ክሊኒክ ብትገባ እስከ ማታ ድረስ መላው ሮቤ «ኡሙሰልማ የገዛ አማቿን አላመነችውም» ሊል ነው። የዚያን ልጅ ስም በዚያ መንገድ ማንሳት ደግሞ ከሁሉ የባሰ ነውር ነው። ጎባ ድረስ ብትሄድም ያው ነው፣ ሚኒባሱ ውስጥ ስንት የሚያውቃት ሰው አለ! አወጣች አወረደች፤ በመጨረሻ ትልቁን ሻሿን ተከናንባ ወደ አማቿ ሄደች።

ክፍሏ ጠባብ ናት። ዓብዱልፈታሕ ሲያያት ከወንበሩ ብድግ አለ፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ግድግዳው መለሰ። አጠገቡ ነርሷ ዮዲ ቆማለች፤ የሮቤ ልጅ ናት፣ ለፋሲካም ለገናም ከኡሙሰልማ ሱቅ የምትለብስ፣ እሷም አፏ የማይተኛ። ዛሬ ግን ሁሉም ጨዋ ሆኗል። ልጁ ሁለት ጣቱን አንገቷ ላይ ሲያሳርፍ ኡሙሰልማ ትንፋሿን ያዘች።

«ትኩሳት አለዎት?»

«የለም።»

«ክብደት ቀንሰዋል?»

«የለም።»

ከዚያ ጓንቱን አወለቀና መልሶ አደረገው። ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የጡት ማጥባት ፖስተር አፍጥጦ እያየ፣ «ሌላ ቦታስ…» አለ፤ «ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ እብጠት አለ? ብብት፣ ወይም ደግሞ…»

ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል ሦስቱም ያውቁታል። ልጁ ሊያወጣው ሞከረ፣ አልወጣለትም፣ ላብ ግንባሩ ላይ ችፍ አለ። ኡሙሰልማም ሱቋ ውስጥ ቢሆን ከነአጃቢው የምትጠራው ቃል ጉሮሮዋ ላይ ተሰነቀረ። ለገዛ ልጇ ባል! ፈይሩዝን አቅፎ በዒድ ቀን ሊጠይቃት የሚመጣው ሰው! ፊቷ ጋለ።

«የለም» አለች።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«የለም አልኩ እኮ!»

«እኔ ልውጣና ዮዲ ትይዎት። ሴት ናት፣ ምንም ነውር የለውም።»

እዚህ ጋ ነበር መዳኛዋ። ዮዲም «እማማ፣ እኔን ነው የሚያፍሩት? ጉድ እኮ ነው!» ብላ መጋረጃውን ልትስብ እጇን ዘረጋች። ኡሙሰልማ ግን ወዲያው አሰበች፤ ዮዲ ካየች ትነግረዋለች፣ ሥራዋ ነው። እሱ ካወቀ ደግሞ ወደፊት ሰላም ባላት ቁጥር ያንን እያወቀ ነው ሰላም የሚላት።

«ምን ልታይ? የለም ብያለሁ፣ የለም!»

ልጁ ተነፈሰ። ትከሻው ወረደ። ኡሙሰልማም ተነፈሰች። አማትና አማች በአንድ ጊዜ ተገላገሉ፤ ዮዲ ብቻ እጇን እንደዘረጋች ቀረች።

በቀጭን መርፌ ከአንገቷ ናሙና ወሰደና ወደ አዲስ አበባ ላከው። ውጤቱ መጣ፤ ንፍፊቱ ከብርድና ከጥርስ ቁስል የመጣ ነው፣ ምንም መጥፎ ነገር የለበትም። ሳቢሪን በስልክ እልል አለች። የኡሙሰልማ ታናሽ ወንድም ዘይነዲን ደግሞ፣ ያ ሲስቅም ሲቆጣም ድምፁ ሦስተኛው ሰፈር የሚሰማው የስንዴ ነጋዴ፣ «የእህቴ አንገት ነፃ ወጥቶ ዝም ይባላል እንዴ!» ብሎ ሙክት ጣለና ሰደቃ አወጣ።

ቤቱ በሰው ተሞላ። ሐጂ አሊዪ የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ዱዓ አደረጉላት። «በሽታን ከሥሩ ነቅሎ ያርቅልሽ!» ሲሉ ሰው ሁሉ «አሚን!» አለ። «ለዚህ ለልጃችን፣ ላማችሽም፣ እጁን ይባርክለት! የከተማችን ኩራት ነው!» ሲሉ ደግሞ ከወንዶቹ ወገን «አሚን» ይበልጥ ጮኸ። ኡሙሰልማ እግሯን አጥፋ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣለች። ባቄላው ባቄላ መሆኑን ትቷል፤ ስትታጠፍ ይቆረቁራታል። «አሚን» አለች እሷም። አፈረች። ይህን ሁሉ ሰው፣ ይህን ሁሉ ሥጋ፣ ይህን ሁሉ ዱዓ ዋሽታ የበላች መሰላት። እበላለሁ ብላ የያዘችውን ቁራሽ ሳትነካ መለሰችው።

አሁን እንኳ ብትናገር ምን ነበረበት? አትፍረዱባት እንዳልል እሷው በራሷ ፈርዳለች። «ነገ ለሳቢሪን እነግራታለሁ» ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ሳቢሪን ለባሏ ትነግረዋለች ብላ ትፈራለች። እሱ ደግሞ «ጠይቄያቸው የለም አሉኝ» ብሎ ይታዘባታል። መጀመሪያ ያፈረችው በብሽሽቷ ነበር፤ አሁን ደግሞ በውሸቷ ጭምር ታፍራለች። ቆይቶ መናገር ከመጀመሪያው ከበዳት። ልቧ ሲደነግጥ «የአንገቴ ደህና ነው ተብሎ የለ? ያው አንድ ዘር ናቸው» ብላ ታጽናናዋለች። መርፌው አንገቷን እንጂ ብሽሽቷን እንዳልነካ ግን ታውቃለች፤ ጅል አይደለችም።

ክረምቱ ወጣ፣ ስንዴው ታጨደ። የኡሙሰልማ ልብስ ሰፋት። ሌሊት ላብ እያሰመጣት አንሶላውን ስትቀይር ታድራለች። ሱቅ ውስጥ ሴቶቹ «አዴ፣ ምነው ቀጠንሽ?» ሲሏት «ባል ልፈልግ ነዋ! ወፍራም አይወዱም አሉ» ብላ ታስቃቸዋለች። የግራ እግሯ ሲያብጥ ጉልበቴ ነው አለች። እየጎተተችው ስትሄድ ቁርጥማት ነው አለች። ያ ነገር እንቁላል አከለ፤ ከዚያም አለፈ። ሰፊ ድሪያ እየለበሰች ሸፈነችው። ልብስ መሸጥ እንኳን ለዚህ ጠቀማት!

አንድ የገበያ ቀን፣ ከላይኛው መደርደሪያ የሻሽ ጥቅል ላውርድ ስትል ዓይኗ ጨለመባትና ወደቀች። ዘይነዲን ደርሶ ስንዴ በሚጭንበት አይሱዙ ጋቢና አስገባትና እየጮኸ፣ መንገደኛውን ሁሉ በክላክስ እያባረረ፣ ወደ ጎባ ሆስፒታል በረረ። አማቿን እንኳ አልጠበቀም።

ጎባ የተቀበለቻት ዶክተር እኅተማርያም የምትባል ወጣት ሴት ናት። ይህቺ ፖስተር አላየችም። «ልብስዎን ያውልቁ» አለች፣ አወለቀች። አንገቷን አየች፣ ብብቷን አየች፣ ሆዷን ጫን ጫን አደረገች፤ ከዚያ ወደ ታች ወረደችና ቆመች።

«ይኼ መቼ ጀመረ?»

«የአንገቴ ነፃ ነው ተብሏል፣ ልጄ…»

«አንገትዎን አልጠየቅሁም።»

ኡሙሰልማ ጣሪያውን አየች። ቅጠል ሲበላ የተያዘ በግ ሆነች። ዶክተሯ ከእብጠቱ ተቆርጦ እንዲመረመር አዘዘች።

ውጤቱ የመጣ ቀን ዘይነዲን ከአልጋው ግርጌ ቆሞ ነበር። ዶክተሯ ወንበር ስባ ተቀመጠች።

«ሊምፎማ ይባላል። የንፍፊት ካንሰር ነው። የአንገትዎ ዛሬም ደህና ነው፤ እሱንም መልሰን አይተነዋል። ያኔ የተባለው ትክክል ነበር። ግን አንድ ንፍፊት ደህና ሆኖ ሌላው መጥፎ ሊሆን ይችላል። ሁለቱ ጎን ለጎን ነው የኖሩት። የሚታከም ነው፣ አይዞዎት፤ አዲስ አበባ ኬሞ ይጀምራሉ። ቀድሞ ቢታይ ግን በጣም ይሻል ነበር።» ቀጥላም «ይኼን ማንም አላየልዎትም?» አለች።

ኡሙሰልማ ዓይኗን ጨፈነች። ማንም አላየላትም፤ ይህ እውነት ነው። ይህቺን እውነት አጥብቃ ያዘቻት።

«የለም» አለች።

ዘይነዲን ቀጥሎ ያለውን አልሰማም። «ያ ልጅ!» አለ። «ደህና ናት ብሎ በግ አሳርዶኝ! እህቴን አንገቷን ዳብሶ ሰደዳት! የሰው ገላ አንገት ብቻ ነው እንዴ?» በሩን በርግዶ ወጣ። ኡሙሰልማ ልትጠራው አፏን ከፈተች። ምን ብላ ትጥራው? እዚያው ነርሶቹ መሀል፣ በወንድሟ ፊት? አፏን መልሳ ዘጋችው። የዚያን ዕለት የተሰማትን እፍረት ለማንም አልተመኘችም፤ ካንሰሩ እንኳ ያንን ያህል አላመማትም።

ሮቤ ወሬ አያድርባትም። ዘይነዲን ገበያው መሀል ቆሞ የጮኸውን ሰው ሁሉ ተቀባበለው። ሳምንት ሳይሞላ ዓብዱልፈታሕ ስም ወጣለት፤ «የአንገት ሐኪም» ተባለ። «ሆዴን አሞኛል።» «እንግዲያው እሱ ጋ አትሂድ፣ እሱ አንገት ነው የሚያውቀው!» ይላሉ፤ ይሳሳቃሉ። ክሊኒኩ በር ላይ ይሰለፍ የነበረው ሰው ሳሳ። ሕፃናት ሳይቀሩ ሲያልፍ አንገታቸውን ይዘው «ወይኔ፣ ወይኔ» ይላሉ። እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፋል። ለማንም መልስ አልሰጠም።

አዲስ አበባ ተራዋ እስኪደርስ ኡሙሰልማ ቤቷ ተኝታለች፤ ሳቢሪን አልጋው ጫፍ ተቀምጣ አለቀሰች። «እማ፣ በቃ ምንም ሳይጠይቅሽ ነው የለቀቀሽ? እኔ ስጠይቀው ጥፋቱ የኔ ነው ብቻ ነው የሚለኝ። እንዲህ ዓይነት ሰው አልነበረም እኮ! አጎቴ ደግሞ ሽማግሌ ሰብስቦ እኔንም ፈይሩዝንም ወደ ቤቴ አመጣለሁ እያለ ነው። ምን ላድርግ?»

ኡሙሰልማ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «ደከመኝ ልጄ፣ ልተኛ» አለች። አልተኛችም።

ሽማግሌው ሊቀመጥ አንድ ቀን ሲቀረው ዮዲ ብርቱካን ይዛ ልትጠይቃት መጣች። ሌላው ጠያቂ እስኪወጣ ጠበቀች። ከዚያ ወንበሯን አስጠጋች።

«እማማ፣ እኔ እዚያች ክፍል ውስጥ ነበርኩ።»

«አውቃለሁ።»

«ጠይቆዎታል። እኔንም ትይዎት ብሎዎታል። እጄን ዘርግቼ ነው የቀረሁት።»

«አውቃለሁ አልኩሽ።»

«አፌ እንዴት እንደሚበላኝ አያውቁም! ያ ዘይነዲን የሚባለው ወንድምዎ ፊት ቆሜ ልነግረው ስንቴ ተነሳሁ። ግን ዶክተሩ አስማለኝ። ምን እንዳለኝ ልንገርዎት? ‹አማቴን በሽማግሌ ፊት ስለ ብሽሽታቸው አታነሺባቸውም። እኔ ከሥራ ብባረር ይሻለኛል› አለኝ። ትዳሩ ሊፈርስ ነው፣ እማማ! ሱቅ ስንመጣ የማያነሱት ነገር የለ፤ ያን ዕለት ምን ነካዎት?»

ኡሙሰልማ ሻሿን ፊቷ ላይ ጣለች። ከሻሹ ሥር ድምፅ አልባ ለቅሶ አለቀሰች። እሷ እሱን አፍራ ዋሸች፤ እሱ ደግሞ እሷን ላለማሳፈር በቁሙ ይቀበራል። ልጅዬው የተሸከመው የሷን እፍረት ነው። ዮዲ ደንግጣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ እማማ» እያለች ብርቱካኑን ላጠችላት። ኡሙሰልማ አልበላችም።

ሽማግሌው የተቀመጠው በዘይነዲን ሳሎን ነው። ወንዶቹ ሳሎን፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ጀርባ ጓዳ። ኡሙሰልማ ትራስ ተደርጎላት፣ ሳቢሪን አጠገቧ፣ ፈይሩዝ ጭኗ ላይ ተኝታለች። በመጋረጃው ክፍተት የዓብዱልፈታሕ ጫማ ብቻ ይታያታል። ጫማው አንድ ቦታ ተተክሎ ቀርቷል።

ዘይነዲን የሚለውን ሁሉ አለ። ሐጂ አሊዪ አዳምጠው፣ ጢማቸውን ዳብሰው፣ ወደ ልጁ ዞሩ።

«ልጄ፣ አንተ የተማርክ ነህ። አንድ ነገር ነው የምጠይቅህ። ሴትዮዋ እጅህ ላይ ስትመጣ ሌላ ቦታዋን አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«ጠይቀሃታል?»

ጫማው ትንሽ ተንቀሳቀሰ።

«ሐጂ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሌላ የምለው የለኝም።»

«በቃ! ራሱ አመነ!» አለ ዘይነዲን። «ከዚህ በኋላ ምን ሽምግልና አለ? እህቴ እስክትድን ሳቢሪን ልጇን ይዛ እዚህ ትቀመጣለች። አላህ ካዳናት ያኔ እናያለን!»

ሳቢሪን እንባዋን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ፈይሩዝን ከእናቷ ጭን ልታነሳ ጎንበስ አለች። ሕፃኗ በእንቅልፍ ልቧ የአያቷን ሻሽ ጨብጣ ነበር፤ ሻሹ አብሮ ተነሳ። ኡሙሰልማ አላስለቀቀቻትም። ግድግዳውን ይዛ፣ ራሷን ገልጣ ተነሳች። «እማ፣ ወዴት ነው?» አለቻት ሳቢሪን። መጋረጃውን ገለጠችና ሳሎኑ ውስጥ ቆመች። ወንዶቹ ሁሉ ዓይናቸውን ወደ መሬት ጣሉ። ያ ሁሉ ሰውነቷ አልቆ፣ ድሪያው አጥንቷ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ፀጉሯ ሳስቶ እዚያ ቆመች።

«ዓብዱልፈታሕ» አለች።

ልጁ እንደተጠራ ተማሪ ከመቀመጫው ተነሳ። ስሙን ከአፏ ሰምቶ አያውቅም። ሐጂ አሊዪ «ላ ኢላሃ ኢለላህ» አሉ በዝግታ።

«ዓብዱልፈታሕ ጠይቆኛል። ሌላ ቦታ አለ ወይ ብሎ ጠይቆኛል። እኔ ልውጣ፣ ሴት ትይዎት ብሎ ለምኖኛል። የለም ያልኩት እኔ ነኝ።» ወደ ወንድሟ ዞረች። «ያኔ ነበረ። ብሽሽቴ ላይ ነበረ። ስታርድልኝ ነበረ፣ ዘይነዲን፤ አሚን ስል ነበረ። ሐጂ፣ ብሽሽቴ ላይ ነው ያልኩዎት፤ ከዚህ በላይ እንዳያስደግሙኝ።»

ማንም አላስደገማትም። ዘይነዲን ኮፍያውን አውልቆ ያገላብጠዋል። አንዱ ሽማግሌ አለቦታው ሳለ። ኡሙሰልማ መናገር ያቀልላት መስሏት ነበር፤ አላቀለላትም። ምድር ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። እዚያው ወንዶቹ መሀል እግሯ ከዳት፤ ሳቢሪን ሮጣ ሳትደርስ የያዛት አማቿ ነው። በሁለት እጁ ያዛት። ፊቱን ግን ወደ ጎን አዙሮ ነበር፤ ከጉንጩ ወደ አገጩ እንባ ይወርዳል። «ለምን ተናገሩ?» አላት ቀስ ብሎ። «እኔ እችለው ነበር እኮ።»

አዲስ አበባ ይዟት የሄደው እሱ ነው። ዘይነዲን አይሱዙውን አዘጋጅቶ «እኔ እወስዳታለሁ» ብሎ ነበር፤ አማቹ ፊት ግን ቀና ብሎ መናገር ስላቃተው ነገሩን ተወው። በሚኒባሱ ሳቢሪን ከኋላ ሕፃኗን ይዛ፣ ኡሙሰልማ በመስኮቱ በኩል፣ ዓብዱልፈታሕ ከአጠገቧ ተቀመጡ። አማትና አማች በአንድ ወንበር! ሌላ ጊዜ ቢሆን ወርዳ በእግሯ ትሄድ ነበር። ከሮቤ እስኪወጡ ሻሿን እስከ ቅንድቧ ስባ መስኮቱን ብቻ ስታይ ቆየች። እሱም የፊት ለፊቱን መንገድ ብቻ ያያል።

ዲንሾ ሲደርሱ ሚኒባሱ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ዘለለ። ኡሙሰልማ ጥርሷን ነከሰች። እሱ አየ።

«ብሽሽትዎን ያምዎታል?» አላት።

ቃሉን ብሎታል። ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ፣ ጆሮው ቀልቶ፣ ብሎታል። ከፊታቸው የተቀመጠችው ሴትዮ ዞር ብላ አየቻቸው። ኡሙሰልማ ደም ወደ ፊቷ ሲወጣ ተሰማት፤ የለም የሚለው ቃል እንደ ልማዱ ምላሷ ጫፍ ላይ መጥቶ ተቀመጠ።

«ያመኛል፣ ዓብዱልፈታሕ» አለች። «ወደ ጭኔም ወርዷል።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ሻሿን እስከ ዓይኗ ሳበችና ነገረችው።